ላሚኔት የተደረገችው ወረቀት

አንድ ሰው ሚስቱን ባሕር ሊያሳያት ቃል ገባ። ሐይቅ አላልኩም፤ ሐይቅማ ቢሾፍቱም ሞልቷል። ባሕር ነው ያልኩት፤ ወዲያ ማዶው የማይታየው።

ሰውየው አቶ መንበሩ ይባላል፤ የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነው። ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረችው፤ "አለቀ" የምትል። ሲሚንቶው አልደረሰም ሲሉት "ይደርሳል፣ አለቀ።" ጣሪያው ያፈሳል ሲሉት "ይታያል፣ አለቀ።" ሠራተኞቹ በሌለበት "አቶ አለቀ" ይሉት ነበር። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ! ደግ ነው፤ ሚስቱንም እንደ ዓይኑ ብሌን ይወዳታል። ችግሩ አንድ ነገር ከአፉ ከወጣ የተፈጸመ ይመስለዋል። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ሰው የለም? እስቲ ጎረቤቶቻችሁን ተዉና ራሳችሁን እዩ።

ሚስቱ ወይዘሮ ሽታዬ ናት። አባቷ ይርዳው በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገለ ሰው ነበር። ልጅ ሳለች ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ስለ ባሕሩ ያወራላት ነበር። "ዓይንሽ ይደክማል እንጂ እሱ አያልቅም፣ ልጄ" ይላት ነበር። አባቷ ሞተ፤ ወሬው ግን ልቧ ውስጥ ቀረ።

አምሳ አራት ዓመት ሲሆናት ዓይኗ ደከመ። ሐኪሙ መረመራትና የዓይን ግፊት ነው፣ በጣም ዘግይታችሁ መጣችሁ አላቸው። መድኃኒቱ ቢያዘገየው ነው እንጂ የሄደውን አይመልስም፤ የቀረውም ወራት ቢቆይ ነው አለ። ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆመች። ወርቅ አምጣልኝ አላለችም፤ ቤት ሥራልኝ አላለችም።

"ሳይጨልምብኝ ባሕሩን አሳየኝ" አለችው።

"አሳይሻለሁ፣ አለቀ" አላት።

ያን ጊዜ አንዱን ሥራ ጨርሶ ሌላውን እስኪጀምር የሦስት ሳምንት ዕረፍት ነበረው። የመረጡት የባሕር ዳርቻ ያለበት አንድ ውጭ አገር ነው። አገሩ ቪዛ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ከመምጣታችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ አውጡ ይላል። ጣጣ የለውም። ቅጽ ትሞላላችሁ፣ ትልካላችሁ፣ መልሱን ትጠብቃላችሁ። አለቀ አይደል? አላለቀም ወገኖቼ!

አቶ መንበሩ ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሄደ። ባለቤቷ አያልነሽ ትባላለች፤ የሰፈሩን ሰው ቅጽ ስትሞላ ዐሥር ዓመት የኖረች ሴት ናት። የእሱን ሞላችለት። የሽታዬ ላይ ስትደርስ ቅጹ የቤተሰብ ስም ጠየቀ። አያልነሽ የአባቷን ስም ይርዳውን ልትጽፍ ስትል እጁን ዘረጋና አስቆማት። የቤተሰብ ስም ካለ የኔ ነው እንጂ፣ ሚስቴ አይደለች እንዴ፣ ቤተሰብ ሁለት ስም አለው ወይ አለ። አያልነሽ ፓስፖርቱን አሳየችው። ሽታዬ ይርዳው ይላል፤ እንደ ፓስፖርቱ ካልሆነ ችግር ይመጣል ብላ ለመነችው።

"ሽታዬ መንበሩ በያት፣ አለቀ" አለ።

እኛ አገር ሴት ልጅ ስታገባ የአባቷን ስም ትጥላለች እንዴ? አትጥልም! ይህን እሱም ያውቃል። ግን ፈረንጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው ሲባል ሰምቶ፣ ከፈረንጅ በላይ ፈረንጅ ሆነ።

አያልነሽ እንዳላት አደረገች። እሱ ኢሜይል ስለሌለው አንድ ከፈተችለትና የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ጻፈችለት። መልሱ የሚመጣው እዚህ ነው፣ በሦስተኛው ቀን መጥተው ይዩት፣ እኔም እከፍትልዎታለሁ አለችው። ብጣሿን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ወሸቃት። ቅጹ መላኩን የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀትም አተመችለት። ማኅተም የመሰለ ነገር አለበት፣ ቁጥር አለበት፣ የሁለቱም ስም አለበት። አቶ መንበሩ ወረቀቷን ሲያይ ፊቱ በራ። እንዳትቀደድም ላሚኔት አስደረጋት!

እኛ ወረቀት ስንወድ! የምንወደውን ወረቀት ላሚኔት እናደርጋለን፤ ምን እንደሚል ግን አናነብም።

ከዚያ ለጉዞው አዲስ ጃኬት ገዛ። አሮጌው ከነብጣሹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቀለ። ሦስተኛው ቀን አለፈ፤ ሳምንቱ አለፈ። አያልነሽ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታው መልሱን አዩት ወይ ብላ ጠይቃዋለች። ፈቃዱን ይዣለሁ፣ ላሚኔት አድርጌዋለሁ፣ አለቀ አላት። እሷም በሌላ ቦታ አይቶት ይሆናል ብላ ተወችው።

የጉዞው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። ሽታዬ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የአባቷን ፎቶግራፍ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነበር። ባሕሩን ላሳየው ብላ ነው የያዘችው። ተረኛዋ ሠራተኛ ላሚኔቷን ተቀብላ ገልበጥ አድርጋ አየቻት።

"አባቴ፣ ይሄ እኮ ማመልከቻዎ መድረሱን ነው የሚለው። ፈቃድ አይደለም" አለችው።

ኮምፒውተሯን ነካካች። ከዚያ ቀስ ብላ የእሱ ፈቃድ መጽደቁን፣ የእሷ ግን አለመኖሩን ነገረችው። አቶ መንበሩ ስልኩን አወጣ። አያልነሽ ጋ ደወለ፤ ብጣሿን ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። አዲሱ ጃኬት ነው፤ ኪሱ ባዶ ነው! ደግነቱ አያልነሽ የይለፍ ቃሉን መዝግባ ኖሮ ከፈተችው። መልእክቱ ከመጣ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የሽታዬ ስም ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም፣ በአምስት ቀን ውስጥ አስተካክሉ፣ አለበለዚያ ማመልከቻው ይዘጋል ይላል። ተዘግቷል። አዲስ ለማመልከት ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቀን ነው፤ አውሮፕላኑ ለመነሣት የቀረው ሁለት ሰዓት ነው።

ዞር ብሎ ለሚስቱ ነገራት። በስሙ ምክንያት መሆኑንም አልደበቃትም። አልጮኸችም። ፎቶግራፉ ያለበትን ቦርሳ ደረቷ ላይ አስጠግታ አየችው።

"የአባቴን ስም ለምን አወጣኸው?" አለችው።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

ቤት ገቡ። አዲሱን ማመልከቻ በዚያኑ ቀን ማስገባት ይችል ነበር። ግን አፈረ፤ ተናደደ፤ ሥራውም ጠራው። ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን፣ አለቀ ብሎ ክፍለ ሀገር ወዳለው አዲስ ሕንፃ ሄደ። ያ ሥራ አምስት ወር ወሰደ። ሽታዬ በየሳምንቱ ስልክ ስትደውልለት መጀመሪያ የቁም ሣጥኑን እጀታ ማየት እንዳቃታት ነገረችው፤ ከዚያ የመስኮቱን ብርሃን። በመጨረሻ ስለ ዓይኗ ማውራት ተወች። እሱም ሳይጠይቃት ቀረ፤ ፈራ።

በአምስተኛው ወር ፈቃዱ ወጣ። ስሙም ተስተካክሎ ሽታዬ ይርዳው ተባለ። ሄዱ። እጇን ይዞ በአሸዋው ላይ መራት። ውኃው እግሯን ሲነካት ደነገጠችና ክንዱን ጨብጣ ያዘችው። ጆሮዋን ወደ ማዕበሉ ድምፅ አዘነበለች።

"መንበሩ፣ የት ላይ ነው የሚያልቀው?" አለችው።

ያ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን "አለቀ" ሲል የኖረው ሰው፣ ቀና ብሎ አየ። ጨው የመሰለ እንባ አፉ ውስጥ ገባ።

"አያልቅም" አላት።

ምእመናን፣ ይህን ታሪክ ያጫወተኝ ራሱ አቶ መንበሩ ነው። እንድነግራችሁም ፈቅዶልኛል። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የእሱ ፈቃድ ጸድቆ ነበር! የታገደው የማን ነው? የሚስቱ ነው። እሱ ባላነበበው መልእክት እሷ ባሕሩን በዓይኗ ሳታይ ቀረች። የእኛ ቸልተኝነት ዕዳው እኛ ላይ ብቻ ቢያርፍ ኖሮ ምን ነበረበት? አጠገባችን ያለው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው እንጂ!

እናንተስ? የሰበካ ጉባኤ መታወቂያችሁን ላሚኔት አድርጋችሁ ኪሳችሁ ከታችኋል። ጥሩ ነው። ስማችሁ መዝገብ ላይ መግባቱን ይናገራል፤ ከወንድማችሁ ጋር መታረቃችሁን ግን አይናገርም። "ሚስቴ ትጾምልኛለች፣ እናቴ ትጸልይልኛለች" ትላላችሁ። የይለፍ ቃሉን ሰው ጋ ትታችሁ መልሱን ማን ያይላችኋል? ንስሐ አባትህ "ይህን አስተካክል" ካሉህ ስንት ጊዜ ሆነህ አንተ? እናትሽ "ልጄ አንድ ቀን ብቅ በይ" ካለችሽ ስንት ወር ሆነሽ አንቺ? ያ መልእክት መጥቷል። ቀንም ተቆርጦለታል። ያለው አሮጌው ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው።

አቶ መንበሩ ላሚኔቷን እኔ ጋ አስቀምጧታል፤ ይቺውላችሁ፣ እዩዋት። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አስነበብኳት። ከሥር፣ በደቃቁ፣ አንዲት መስመር አለች። "መልሱን በየቀኑ ይከታተሉ" ትላለች። ያን ሁሉ ቀን እጁ ላይ ነበረች።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ምሳ ከመቅረቡ በፊት አሮጌውን ጃኬት አውርዱ። ኪሱን ፈትሹ። የምትደውሉለት ሰው ካለ ደውሉ፤ የምትሄዱበት ደጅ ካለ ሂዱ። "ከፋሲካ በኋላ" አትበሉ። ሽታዬም ከፋሲካ በኋላ ሄዳለች።