ራሴ የመረጥሁት በር

አንድ ሰው ነበረ፤ ስሙ መክብብ፣ ሙያው ጋዜጠኝነት። በሬዲዮ ዜና ይዘግባል። ከዚያ ሌላ በመጫወቻ ካርታ ምትሃት የታወቀ ነው። ሰርግ ላይ ካርታውን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋና «የፈለጋችሁትን ምዘዙ» ይላል። የተመዘዘውን ካርታ ሳያይ ይናገራል።

አስማት አልነበረም። እጅ ሲዘረጋ፣ መክብብ የሚፈልገውን ካርታ ገፋ አድርጎ ከጣቶች ሥር ያደርሰዋል። ሰው የቀረበለትን ይወስዳል። ወስዶም «ራሴ መረጥሁ» ይላል።

አንድ ቀን መክብብ አዲስ ስለ ተዘረጋ የቧንቧ ውኃ ሊዘግብ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ሄደ። የውኃው ሥራ ኃላፊ አቶ ዘርይሁን በአክብሮት ተቀበሉት።

«ወንድሜ፣ እኔ አልመርጥልህም» አሉት። «ሰፈሩ ይኸው። ደስ ያለህን በር አንኳኳ።»

በስተ ግራ ያለውን ጭቃማ መንገድ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ዘግቶታል። በስተ ቀኝ አንድ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መክብብ ወደ ተከፈተው ገባ። ቧንቧው ሲከፈት ውኃው ተንዶለዶለ፤ የቤቱ እመቤት መረቀች። እርሱም ለአለቃው ደወለ።

«ዜናው ንጹሕ ነው። በሩን ራሴ ነኝ የመረጥሁት።»

«እንግዲያው ለስምንት ሰዓቱ ዜና እናደርሰዋለን» አለው አለቃው።

ምሳ ላይ ጋባዦቹ ካርታውን እንዲያሳያቸው ለመኑት። ከእንግዶቹ መካከል ለነበሩት ለወይዘሮ እማዋይሽ ዘረጋላቸው።

«እትዬ፣ ይጠንቀቁ» አሉ አቶ ዘርይሁን እየሳቁ።

«አንተ ዝም በል። እኔን ማን ያታልለኛል? ከመሃል ነው የምወስደው።»

ከመሃል ወሰዱ። መክብብ «የልብ ሰባት» አለ። ወይዘሮዋ ካርታውን ገልብጠው አዩና ተገረሙ።

«ኧረ ምን ጉድ ነው? ራሴ እኮ ነኝ የመረጥሁት።»

መክብብ ካርታውን እንደ ያዘ ቀረ። ይህን ቃል ቅድም የተናገረው ማን ነበር? በሩን የከፈተው ማን ነው? መኪናውንስ እዚያ ያቆመው?

ተነሣ። «ምነው፣ ወዴት?» አሉ አቶ ዘርይሁን።

«መኪናችሁ የዘጋውን መንገድ ሳላይ ቀርቻለሁ።»

«እዚያማ ጭቃ ነው። ጫማህ ይበላሻል።»

«ውኃ ካለ ይታጠባል።»

ከመኪናው ኋላ ያለውን የመጀመሪያ በር አንኳኳ። ቧንቧው ተተክሏል። ቢከፍተው አየር ብቻ ተነፈሰ።

«አባቴ፣ ከተተከለ ጀምሮ ጠብ ብሎ አያውቅም» አሉት የቤቱ እመቤት። «ልጆቼ ዛሬም ከወንዝ ይቀዳሉ። ግን የጠየቀን የለም።»

መክብብ እዚያው ቆሞ ለአለቃው ደወለ። «የቅድሙን ዜና አታውጡት።»

«ራሴ መረጥሁ አላልኸኝም?»

«የቀረበልኝን ነው የወሰድሁት። መምረጥ መስሎኝ ነበር።»

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ሥራው ይኸው ነበር፤ ሌላውን እያስመረጠ ኖሯል። እርሱ ከተያዘ፣ እኛስ? የምትጠሉትን ሰው ራሳችሁ መረጣችሁ ወይስ አንድ ሰው ከጣቶቻችሁ ሥር አደረሰላችሁ? ክፉ ብዙ ጊዜ እጃችንን አይጠመዝዝም፤ አቅርቦልን ዝም ይላል። ርኅራኄያችንስ ቢሆን? የምንጠይቀው ሕመምተኛ ቤቱ በመንገዳችን ላይ ያለው ነው። የምንረዳው በሩ የተከፈተልንን ነው። ያን አድርገን «ወገናችንን አሰብን» ብለን እንተኛለን።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የተከፈተ በር ታገኛላችሁ። መልካም ነው፤ ግቡ። ወደ ቤታችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ግን መኪናው የቆመበትን መንገድ ፈልጉ። እዚያም በር አለ፤ ከበሩ ኋላም ማንም ያልጠየቃት እናት አለች።