ከጉድጓዱ የተነሳው ሸማኔ

ልጆች፣ ወዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በድሮ ዘመን በአንድ ንጉሥ ግቢ ውስጥ እንዳላማው የሚባል ሸማኔ ነበር። እጁ ፈጣን፣ ንግግሩ ጥቂት፣ ያሰበውን ሳያደርስ የማይመለስ ሰው ነበር። የሸማኔዎቹ አለቃ ደግሞ አዛዥ ክንፉ ይባላል። እሱ ለንጉሡ አንገቱን ይደፋል፤ ሸማኔዎቹን ግን ያንቀጠቅጣል።

የንጉሡ ልጅ ልትዳር ነውና የሠርጉ ሸማ ቶሎ ይድረስ ተባለ። አዛዥ ክንፉም፣ "ፀሐይ ሳትጠልቅ ከጉድጓዱ የሚወጣ፣ ወየውለት!" አለ።

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሠራው። ጎንበስ ብለው ዋሉ። በማግስቱም ጎንበስ ብለው ዋሉ። በሠልስቱም እንዲሁ።

አንድ ምሽት የሁሉም ታላቅ የሆኑት አያ ታከለ ልነሳ ቢሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ። "እግሬን አጣሁት!" ብለው አለቀሱ። እንዳላማው አዝሎ ቤታቸው አደረሳቸው። ሲመለስም ለራሱ፣ "ነገ እነሳለሁ። አዛዡ ቢገርፈኝም እነሳለሁ" አለ።

ሲነጋ፣ ረፋዱ ላይ መወርወሪያውን አስቀምጦ ወጣ። ወገቡን አቀና፣ ግቢውን አንዴ ዞረና ወደ ሥራው ተመለሰ። አዛዡ ጮኸበት። በማግስቱም ተነሳ። አዛዡ ምሳ ከለከለው። በሦስተኛውም ቀን ተነሳ። አዛዡ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጦ ወገቡን አጠገቡ ካለው ምሰሶ ጋር አሰረው።

"አሁንስ ትነሳለህ?"

"ወገቤን አሰሩ እንጂ እጄን መቼ አሰሩት?" አለና እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ትከሻውን አፍታታ። ጎኑ ያለው ሸማኔ አይቶ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም።

አዛዡ ወደ ንጉሡ ሮጠ። "ጃንሆይ፣ ሸማኔዎቹ አመፁ! ሥራ ፈትተው ይጨፍራሉ!"

ንጉሡ ራሳቸው መጡ። "አንተ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"ጃንሆይ፣ ሰውነቴን እያፍታታሁ ነው። አያ ታከለ ሳይነሱ እየዋሉ እግራቸው ከዳቸው። እኔ ለአፍታ ተነስቼ እመለሳለሁ፤ ሥራዬም አልጎደለም። ቢቀጡኝም ነገ እነሳለሁ።"

አዛዡ ግን፣ "መቀመጥ ደግሞ ማንን ጎድቶ ያውቃል?" አለ።

"እንግዲያው ነገ አንተ ተቀመጥ" አሉ ንጉሡ፤ እንዳላማውንም አስፈቱት።

አዛዡ ጠዋት እየሳቀ ጉድጓዱ ገባ። ረፋዱ ላይ ሳቁ ጠፋ። እኩለ ቀን ላይ ወገቡን ይዳስስ ጀመር። ማታ ተነስ ሲባል፣ "ያዙኝ! ኧረ ያዙኝ!" አለ። እጁን ስቦ ያወጣው ያው እሱ ራሱ አስሮት የነበረው እንዳላማው ነው።

ንጉሡም ከሹመቱ ሻሩት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ረፋድና ከሰዓት ከበሮ ይመታል፤ ሸማኔዎቹም ተነስተው ግቢውን ዞረው ይመለሳሉ። የሠርጉም ሸማ በቀኑ ደረሰ። አያ ታከለም ውለው አድረው በምርኩዝ ተደግፈው አብረው ይዞሩ ጀመር። ከበሮውን የሚመታው ማን መሰላችሁ? ክንፉ ነዋ!

አያችሁ ልጆች፣ ለአፍታ ተነስቶ ሰውነትን ማፍታታት ስንፍና አይደለም። ሠራተኛውን የሚጎዳ አለቃም ሥራውን ራሱን ይጎዳል። እኔ ጨረስኩ። በሉ፣ ብዙ ተቀመጣችሁ፤ ተነሱና እግራችሁን አፍታቱ!