በልጁ እግር የተቆጠረ እርምጃ

አንድ ሰው ነበረ፣ ልጄ። ጥያቄሽን ሰምቼ ደንግጫለሁ፤ አልደብቅሽም። ባልሽ ወንድሙን በዱላ መትቶ ንስሐ ሲገባ በየቀኑ አርባ አርባ ስግደት የሰጠሁት እኔ የንስሐ አባቱ ነኝ። አንቺ ደግሞ «እሱ ሰነፈብኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ ሰገድኩለት፤ የቀረውን ጥቂት ቀንስ ብጨርስለት ምን አለበት?» ትይኛለሽ። ቁጭ በይና ስሚ።

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነበር። አርባ ዓመት ከስፌት መኪናው ፊት ሳይነሣ ኖሮ፣ ሰባውን ሲያልፍ አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኘበትና ከስድስት ሳምንት በኋላ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሩት። ሐኪሙም «አባቴ፣ ዕጢውን ማውጣቱ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሳንባዎ ነው፤ እንዲህ እንደደከመ ማደንዘዣውን አይችልም። እስከዚያ በየቀኑ ይራመዱ» አለው። ከዚያም በሰውየው ስልክ ላይ አፕ የሚሉትን ነገር ጫነለት። ስልኩን ኪስ ከተው ሲራመዱ እርምጃ ይቆጥራል፤ ሦስት ሺህ ሲሞላ አረንጓዴ፣ ሲጎድል ቀይ ያበራል፤ ቁጥሩም በየቀኑ ሐኪሙ ዘንድ ይደርሳል።

ይህ ሰው አብራው የምትኖር አንዲት ልጅ ነበረችው። አባቷን ስትወድ ለጉድ ነው። ውኃ ሊቀዳ ብድግ ካለ «አባባ፣ እኔ እያለሁ ምን ሲደረግ!» ብላ ብርጭቆውን ከእጁ ትቀማለች። ሰፈሩ የተባረከች ልጅ ይላታል፤ እውነትም ናት። በመጀመሪያው ቀን አባትየው ከዘራውን ይዞ እስከ መንገዱ ዳር ሄዶ ተመለሰና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁና ቁና እየተነፈሰ ተቀመጠ። ስልኩን ብታየው አራት መቶ ይላል፤ ቀይ። ልጅቱን አሳዘናት። ደግሞም ፈራች፤ ሐኪሙ ቀዩን አይቶ ቀጠሮውን ቢሰርዝስ? አባባ በዕጢው ቢሞትብኝስ? በማግስቱ ስልኩን በራሷ ኪስ ከታ ገበያ ወጣች። ስትመለስ አረንጓዴ ሆኗል።

«ሞላ?» አለ አባትየው ከወንበሩ ሳይነሣ።

«ሞላልን፣ አባባ።»

እሱም እፎይ አለ።

እንዲህ እያሉ ስድስት ሳምንት ሄደ። ወፍጮ ቤት፣ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት፣ ስልኩ ያልደረሰበት የለም። ትንሽ ከጎደለ ግቢው ውስጥ ትዞርለታለች። ከሆስፒታሉ ነርሷ ደውላ «አባትሽ ከታካሚዎቻችን ሁሉ አንደኛ ናቸው» ስትላት ደስታዋን አልቻለችውም፤ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። እስቲ አስቢው፤ በዚህ ሁሉ መሐል የጠነከረው የማን እግር ነው?

ሆስፒታል የሚገባበት ቀን ደረሰ። ሐኪሙ ቁጥሩን እያየ ፊቱ በርቶ «እንዲህ ያለ ታካሚ ይብዛልኝ። አሳንሰር ምን ያደርግልናል፤ አንድ ፎቅ ነው፣ በደረጃው እንውጣ» አለ። ልጅቱ አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። አባትየው አራተኛው ደረጃ ላይ ቆመ። ከንፈሩ ጠቆረ። መደገፊያውን ጨብጦ ሊናገር ቢሞክር ትንፋሽ አጣ፤ ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ወደቀ።

ኦክስጅን ሰጥተውት ነፍሱ መለስ ስትል ሐኪሙ ወደ ልጅቱ ዞረ። «ይህን ሁሉ መንገድ ማን ሄደው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «እንዳይደክም ብዬ ነው።»

ሐኪሙ አልጮኸባትም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ነገ ጠዋት ይህን ቁጥር አምኜ ላደነዝዛቸው ነበር። አይነቁም ነበር። በእኔ እጅ ልትገድያቸው ነበር፣ እህቴ።»

አባትየውም ከአልጋው ሆኖ «እኔም ዐውቅ ነበር» አለ፤ «ደስ ይበላት ብዬ ዝም አልኩ።»

ዳነ ወይ ብለሽ ማሰብሽ አይቀርም። ቀዶ ሕክምናው ሁለት ወር ተገፋ። ስልኩ ወደ ባለቤቱ ኪስ ተመለሰ፤ ልጅቱም ወንበር ይዛ ከኋላው እየተከተለች፣ አራት መቶው ሦስት ሺህ እስኪሞላ ድረስ ሲያለከልክ እያየች ቻለችው። ዳነ። ዕጢው ግን አልጠበቀውም፤ ሊተርፍ ይችል የነበረው አንጀቱ ጭምር ተቆርጦ ወጣ። ዛሬም የሚጸዳዳው ሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነው።

እንግዲህ፣ አስካለ ማርያም፣ ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ፤ ቁጥሩን አምኖ የተደሰተው ሐኪም ደግሞ እኔ ነኝ። ባለፈው «ባሌ እየሰገደ ነው» ስትይኝ አምላኬን አመስግኜ፣ ለመጪው እሑድ አቆርበዋለሁ ብዬ ነበር። የወንድሙን ቂም በልቡ እንደያዘ፣ አንድ ቀን እንኳ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ ቅዱስ ሥጋውን ላቀብለው ነበር። ጸልዪለት፣ አልቅሺለት፤ ይህን ማንም አይከለክልሽም። ስግደቱን የሰጠሁት ግን ያ አልታጠፍ ያለ ልብ እንዲታጠፍ ነው፤ አንቺ ስትሰግጂ የሚታጠፈው ያንቺ ወገብ ነው። አሁን ቤትሽ ግቢና ያደረግሽውን ሳትደብቂ ንገሪው። ሦስት ሳምንቱ አይቆጠርለትም። ነገ ጠዋት ከአንድ ይጀምራል፤ አንቺም አጠገቡ ቁሚ፣ ጉልበቱን ሲያመው እያየሽ ቻዪው።