የሂክማ መጽሐፍ መታሰቢያነቱ ለማን ይሁን

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ጦሳ ተራራ ጉሙን ወደ ሰፈሩ በሚለቅበት የክረምት ወራት፣ ሂክማ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረች። ታሪኩ በተራራው ሆድ ውስጥ ስላለች ከተማ ነው። የከተማዋ ሰዎች ጉም ፈትለው ልብስ ይሸምናሉ። ራዊያ የምትባል ፈሪ ልጅ ታላቅ እህቷ ጠፍታባት፣ እየተንቀጠቀጠች ልትፈልጋት ወደዚያ ትወርዳለች። ሂክማ ከዚያ በፊት ከትምህርት ቤት ድርሰት በቀር የጻፈችው ነገር አልነበረም።

ታሪኩን መጀመሪያ የሰማው ታላቅ ወንድሟ ኢድሪስ ነው። ኢድሪስ ባጃጅ ይነዳል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ባጃጁን ጥግ ያስይዝና፣ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ታነብለታለች። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር «ከዚያስ?» ይላል። መሃል ላይ ስትደርስ ነገሩ ታከታትና «ተወው፣ እኔ ደራሲ አይደለሁም» አለችው። ኢድሪስ ዞሮ አያት።

«ራዊያን እዚያ ጨለማ ውስጥ ጥለሻት ልትመለሺ ነው? ወላሂ፣ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም» አላት።

በዚህ አፍራ ቀጠለች፤ ጨረሰችም። ግን ኢድሪስ ያልወደደው ነገር አልነበረም። የራዊያን እህት በሰረቀው የከተማዋ ክፉ ንጉሥ ስለሳቀ፣ እሱን ደስ ልታሰኝ ለንጉሡ ወንድሞችና አጎቶች ጨመረችለት። በመጨረሻ አንባቢ የማንን ስም እንደሚይዝ ግራ እስኪገባው ድረስ መጽሐፉ በዘመድ ተጨናነቀ።

ረቂቁን ይዛ የአማርኛ አስተማሪዋ ወደነበሩት ጋሽ ይርሳው ሄደች። አንብበው ሲጨርሱ ቤታቸው ጠሯት።

«ጉሙን ሲሸምኑት የጻፍሽውን ሳነብ፣ እጄን ዘርግቼ ልነካው ምንም አልቀረኝም» አሏት። ቀጠሉና፣ «ንጉሡ ግን ለምን ክፉ እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ዘመዶቹን አሰናብቺያቸው። መጨረሻው ላይ ደግሞ አስማታዊ ሰይፍ ከየትም መጣና ሁሉን ጨረሰ። ደክሞሽ ነበር፤ ያስታውቃል» አሏት።

ሂክማ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ክረምቱ እስኪወጣ ረቂቁን አልነካችውም። አንድ ቀን ግን ልብስ እያጠበች ሳለ፣ የራዊያን እህት ማንም እንዳልሰረቃት ታያት። እህትየዋ በገዛ ፈቃዷ ነው የሄደችው። ሁለቱ እህቶች በጉም መሸመኛው ሥር ሲገናኙ የሚጣሉበት ምዕራፍ የተወለደው ያን ቀን ነው። ከዚያ የሚበልጥ ምዕራፍ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። መጨረሻውን ግን እንደገና ለመጻፍ በተቀመጠች ቁጥር የጋሽ ይርሳው ድምፅ ጆሮዋ ላይ ይመጣና እጇ ይተሳሰራል። ጽፋ ትቀድዳለች፣ ጽፋ ትቀድዳለች። ሰይፉ እዚያው ቀረ።

ረቂቁን በኮምፒውተር የጻፈችላት ጓደኛዋ ሐብታምነሽ ናት። ሐብታምነሽ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስትሆን፣ ልጆች መጥተው «አዲስ ታሪክ የለም?» ሲሏት መልስ ማጣት ሰልችቷታል። ሂክማ «ትንሽ ይቀረዋል» ስትል ዓመት አለፈ። ሐብታምነሽ ሳትነግራት ረቂቁን አዲስ አበባ ላለ አሳታሚ ላከችው። ሂክማ ይህን ያወቀችው አሳታሚው ደውሎ፣ ትምህርት ሳይከፈት እንዳትመው ከተስማማሽ አሁኑኑ ንገሪኝ ሲላት ነው። እምቢ ልትል አስባ አፏ አልታዘዘላትም፤ እሺ አለች። ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች።

«ያልበሰለ አውጥተሽ አቀረብሽብኝ» አለቻት።

«አንቺን ብጠብቅ ያርር ነበር» አለች ሐብታምነሽ።

ለብዙ ጊዜ ተኮራረፉ።

መጽሐፉ ወጣ። በሬዲዮ ስለ መጻሕፍት የሚያወራ ሰው፣ አጀማመሩንና የእህቶቹን ጠብ አድንቆ፣ ፍጻሜው የተጣደፈ ነው፣ ንጉሡም ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ንጉሥ ነው አለ። ሂክማ ሰምታ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣችም። በማግስቱ ግን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አስቆመቻት።

«መጨረሻውን አልወደድኩትም» አለቻት ልጅቷ። «ግን ራዊያ እንደኔ ፈሪ ናት። ስለዚህ ደግሜ አነበብኩት።»

አሁን መጽሐፉ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ነው። አሳታሚው፣ ከፊት ለመታሰቢያ የሚሆን ገጽ አለ፣ የምትጽፊውን ላኪልኝ ብሏታል። እናቷ «ወንድምሽን፣ ጋሽ ይርሳውንና ሐብታምነሽን፣ ሦስቱንም ጻፊያቸውና ተገላገይ» አለቻት። ሂክማ አልተቀበለችም።

«ምስጋናውንማ ከኋላ ለሁሉም እጽፋለሁ፣ እማ። ይሄኛውን ለሦስት ካካፈልኩት ግን ለአንዳቸውም አይሞላም።»

ወሬው ሦስቱም ጋ ደረሰ። ኢድሪስ አልደበቀም፤ «እኔ ብሆን ደስ ይለኛል፤ ባጃጄ ላይ እለጥፈዋለሁ» አለ። ጋሽ ይርሳው «መጨረሻውን ካስተካከለችው ለእኔ ያ ይበቃኛል» አሉ፤ ሆኖም አሳታሚው መቼ ወደ ማተሚያ ቤት እንደሚልከው ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል። ሐብታምነሽ ምንም አልተናገረችም። ከሂክማ ጋር መነጋገር ከጀመሩ ገና ጥቂት ሳምንታቸው ነው።

አንዱ ባይኖር ታሪኩ አያልቅም ነበር፤ ስሞቹን ያበዛውም እሱ ነው። አንዱ ባይኖሩ እህቶቹ አይጣሉም ነበር፤ እጇን ያሰሩትም እሳቸው ናቸው። አንዷ ባትኖር ያቺ ተማሪ ራዊያን አታውቃትም ነበር፤ መጽሐፉን ከነጉድለቱ ያስወጣችውም እሷ ናት። ሂክማ ብዕሯን ይዛ ተቀምጣለች። እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ፣ በዚያ ገጽ ላይ የማንን ስም ትጽፉ ነበር?