አያ ጅቦ በስልክ የተማረው ወንዝ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚውጠው አንድ ሰፊ ሜዳ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ደጋ ያልተሻገረ እንስሳም ከሐይቁ ሥር ይቀራል። የወንዙን መሻገሪያ አሳምራ የምታውቀው አህያ ብቻ ነበረች። ከሰው ጋር በኖረችበት ዘመን ጨው ተሸክማ ስትመላለስበት ስለነበር እያንዳንዱን ድንጋይ በኮቴዋ ታውቀዋለች።

ንጉሡ አንበሳ «አህያ ታስተምር፣ ሁሉም ይማር» ብሎ አዘዘ። ትምህርት ቤቱ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት ተማሪዎች ገቡ፤ አሥር ወጡ። ሁለቱ የት እንደደረሱ የጠየቀ አልነበረም። ነብር ግን በዚያን ዕለት እራት አላሰኘውም።

አንበሳ ይህን ሲሰማ ሌላ ትእዛዝ አወጣ፤ ከእንግዲህ ሁሉም በየጎሬው ሆኖ በስልክ ይማር አለ። አራዊት ስልክ ከየት አመጡ የሚል ካለ አንበሳን ይጠይቅ። አህያም ወንዙን ተሻግራ፣ ኔትወርክ ከሚገኝበት አንድ ጉብታ ላይ ቆማ ማስተማር ጀመረች።

«ሦስት ነገር ያዙ» አለች። «አንደኛ፣ የሚያወራ ውሃ ጥልቅ አይደለም፤ ዝም ያለውን ፍሩ። ሁለተኛ፣ ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙራችሁ ወደ ጎን ተራመዱ። ሦስተኛ፣ አንዱ እግር መሬት ሳይዝ ሌላው አይነሳ። ገባችሁ?»

«ገባን፣ መምህርት» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ያን ጊዜ አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ። «መምህርት፣ የእኔ የኋላ እግር ከፊተኛው ያጥራል። ታዲያ እኔ እንዴት አድርጌ...»

«አያ ጅቦ፣ አንተ ደግሞ ለምን ትሻገራለህ?» አለች ጦጣ። «ጠጥተህ ጨርሰው።»

ስልኩ በሙሉ ሳቅ ሆነ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠ። አህያ ጉብታውን ሁለት ጊዜ ዞራ መልሳ ስታገኘው የጅቦ መስኮት ጠቁሯል። ካሜራው ተዘግቷል፣ ማይኩም ተዘግቷል። «ባትሪዬን እየበላብኝ ነው» የሚል ጽሑፍ ብቻ ላከ። አህያም ትምህርቱ እንዳያልቅባት ብላ አለፈችው።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ሦስቱን ነገሮች ትናገራለች፣ «ገባችሁ?» ትላለች፣ «ገባን» ይሏታል። ሌላ ጥያቄ የለም። ጥሩ መስሎ መታየት ነበረበት፤ እሷን ግን ውስጧን ይበላት ጀመር። ለብዙ ዓመት ውርንጭላ ስታስተምር የተማሪዋን ልብ የምታነበው ከጆሮው ነበር። ጆሮው ቀጥ ያለ ገብቶታል፤ ወደ ኋላ የተኛ ፈርቷል፤ አንዱ ብቻ የዞረ ደግሞ ሌላ ነገር እያዳመጠ ነው። አሁን ግን ጆሮ የት አለ? ግማሾቹ ካሜራ አይከፍቱም። የከፈቱትም አፍንጫቸውን እንጂ ጆሮአቸውን አያሳዩም። ሣር ትነጭና መዋጥ ትረሳለች። ትቆማለች፣ ትሄዳለች፣ መልሳ ትቆማለች። በተራራው አናት ላይ ያለው ደመና ትናንት የእንቁራሪት ያህል ነበር፤ ዛሬ የዝሆን ያህል ሆኗል።

በማግስቱ ስማቸውን ጠርታ ስትጨርስ እንዲህ አለቻቸው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ‹ገባን› የሚባል መልስ አልቀበልም። እያንዳንዳችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጅረት ሂዱ። ስልካችሁን ወደ እግራችሁ አዙራችሁ ስትሻገሩ አሳዩኝ።»

«መምህርት፣ እኛ እኮ ገብቶናል» አለች ጦጣ።

«እንግዲያው ቀላል ነው።»

ከሁሉ አስቀድማ በጀርባዋ የወደቀችው ጦጣ ነበረች። ድኩላ ጅራቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ገባና ተገፍቶ ወጣ። ከርከሮ ደግሞ ዝም ያለውን ውሃ መርጦ እስከ አንገቱ ሰጠመ። «አንቺ ዝም ያለውን ያዙ ያልሽ መስሎኝ» አለ እየተንፈራገጠ። አህያ በዚያ በአንድ ጠዋት፣ በሁለት ሳምንት ያላወቀችውን አወቀች። ትምህርቱን አሳጠረችው፤ በቀን አንድ ነገር ብቻ፣ እሱንም በእግር። የቻለው ላልቻለው ያስረዳል። ድኩላ ለከርከሮ ሲያስረዳ ሰምታ፣ እሷ ራሷ እንዲያ አጥርታ አለማስረዳቷን ስታይ አፈረች።

ከሁሉ የበለጠው የአያ ጅቦ ነበር። በቀጥታ ማሳየቱን ትቶ ቪዲዮ ልኳል። እግሮቹ ውሃውን እየዳበሱ፣ አንዱ ሳይረግጥ ሌላው ሳይነሳ፣ ቅንጣት ስህተት ሳይኖርበት ተሻግሯል። አህያ ደስ ብሏት ደግማ አየችው። ሦስተኛ ስታየው ደስታዋ ቆመ። እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው። ቀይም ናቸው።

ለቀበሮ ደወለች።

«እመት ቀበሮ፣ የአያ ጅቦ እግር መቼ ነው እንዲህ የቀጠነው?»

ቀበሮ ጥቂት አሰበች። «ጾም ይዞ ነዋ።»

«ጅብ?»

«እሺ፣ የእኔ እግር ነው» አለች ቀበሮ ምንም ሳታፍር። «በሳምንት ሁለት አጥንት ይሰጠኛል። ስሙ ሲጠራ ‹አቤት› የምለውም እኔ ነኝ። ድምፄን ወፈር አደርገዋለሁ። አላወቅሽም፣ አይደል?»

«አላወቅኩም።»

«ታዲያ አሁንም እንዳላወቅሽ ሁኚ። ስሚኝ እመት አህዪት፣ ለአንቺ ብዬ ነው። ሙሉ ነጥብ ስጪው። ከዚያ ወንዙ የራሱን ሥራ ይሥራ። እናትሽን የበላት ማን ነበር?»

አህያ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

«ማንም አንቺን አይወቅስም። አስተምሬዋለሁ፣ ገብቶኛል ብሎኛል፣ ቪዲዮም ልኳል ትያለሽ። በቃ፣ በዚህ ዓለም አንድ ጅብ ጎደለ። የሚያለቅስ ካገኘሽ ንገሪኝና አብሬው ላልቅስ።» ቀበሮ ይህን ብላ ስልኩን ዘጋች።

መሻገር የቻሉትን ተማሪዎች ስም ዝርዝር አህያ በአምስት ቀን ውስጥ ለአንበሳ መላክ ነበረባት። ዘጠኙን ጻፈች። አሥረኛው ላይ ስትደርስ ተነሥታ ጉብታውን ዞረች። ተመልሳ ተቀመጠች። መልሳ ተነሣች። «የሚገድለው ወንዙ ነው፣ እኔ አይደለሁም» አለች ጮክ ብላ፣ እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ። የተሰማት ግን የቀበሮ ድምፅ ነበር። እናቷን አሰበች። ጅቡ አንድ ጊዜ እንኳ አዝኖላት ያውቃል? አያውቅም። እንግዲያው እሷን ምን አስጨነቃት?

አንድ ነገር ግን እንደ እሾህ ይወጋት ነበር። የስልኩ ትምህርት በተጀመረበት ቀን ጅቡ ጥያቄ ጠይቋል። ከአሥሩ ተማሪዎች የራሱን እግር ተመልክቶ የጠየቀ እሱ ብቻ ነበር። የተመለሰለትም ሳቅ ነው። ጅቡ አልማርም አላለም፤ አስተማሪዋ ናት ሳትመልስለት ያለፈችው። ይህን ይዛ ደጋው ላይ እንዴት ሣር ልትነጭ ነው?

ደወለችለት።

«መምህርት» አለ ጅቦ አንድ ነገር እየቆረጠመ። «ሙሉ ነጥብ አገኘሁ?»

«ቀበሮ አገኘች።»

መቆርጠሙ ቆመ።

«አያ ጅቦ፣ ቀበሮ አጥንትህን በላች፣ አይደል?»

«ተስማምተን ነው።»

«ትምህርትህንም በላችው። አንተ በሰጠኸው አጥንት እሷ ሁለት ጊዜ ተማረች፣ አንዴ በስሟ፣ አንዴ በስምህ።»

ጅቦ ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ሲገባው ግን ሆዱ ድረስ ይገባዋል። «የእኔን ድርሻ?» አለ።

«ሙሉ ድርሻህን።»

«ምንም አላስቀረችልኝም?»

«ፍርፋሪ እንኳ።»

ለሁለት ሳምንት ጠቁሮ የነበረው መስኮት ድንገት በራ። የጅቦ ትልቅ ፊት ስልኩን ሞላው። አህያ በመካከላቸው ወንዝ እንዳለ እያወቀች ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ድርሻዬን እፈልጋለሁ» አለ ጅቦ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ሞክሬ ነበር እኮ። ብቻዬን። ሦስቴ ወደቅኩ። ደግሜ ብጠይቅ ጦጣ ትስቃለች ብዬ ነው የዘጋሁት።»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች አህያ። «አሁን ከሁለታችን በቀር ማንም የለም። ስልኩን ወደ ኋላ እግርህ አዙርና ተሻገር። እኔ ዝም ብዬ አያለሁ።»

ጅቦ ጅረቱ ውስጥ ገባ። ሲቸኩል ሁለት ሁለት እርምጃ ይዘልላል። የፊት እግሩ ይይዝለታል፤ አጭሩ የኋላ እግር ግን ገና ወለሉን ሲፈልግ ውሃው ዳሌውን ይመታዋል። ጧ ብሎ ወደቀ። አህያ ምን ልትለው እንደሚገባ አላወቀችም። የእሷ አራቱ እግሮች እኩል ናቸው። ስለዚህ ጉብታው ሥር ወዳለ ቦይ ሄደች። የኋላ እግሮቿን ቦዩ ውስጥ፣ የፊቶቹን ከዳር አድርጋ እንደ ጅብ ቁልቁል ተንጋዳ ቆመች። እንዲህ ሆና ለመራመድ ሞከረች። ወገቧ ተወላገደ። ደግማ ሞከረች። አራተኛው ላይ ገባት።

«አያ ጅቦ፣ ለአንተ እርምጃው ግማሽ ይሁን። የፊት እግርህ የለቀቀውን ቦታ የኋላው ይውረስ። ሌላ ቦታ አይፈልግ።»

«ይውረስ?» ጅቦ ቃሉን ወደደው። «ሌላው ሳይቀድመው?»

«ሌላው ሳይቀድመው።»

«ሁለት ሁለት ብወርስስ?»

«ትወድቃለህ።»

ሁለት ሁለት ሞከረና ወደቀ። ከዚያ አንድ አንድ ሞከረ።

አራት ቀን እንዲህ ዋሉ። አህያ አንድ ጊዜም «ገባህ?» አላለችውም። «አሳየኝ» ትለዋለች። ሲያሳያት «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ትለዋለች። በሦስተኛው ቀን «ዛሬ አስተማሪው አንተ ነህ፣ አስረዳኝ» አለችው። ጅቦም ድምፁን አሳምሮ «ስሚ አንቺ አህያ፣ ውርስ እንዳያመልጥሽ» ብሎ ጀመረ። አምስት ጊዜ ተሳስቶ አምስት ጊዜ ራሱ አረመ። ደመናው ግን አልጠበቃቸውም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋ ጠብታ በአህያ አፍንጫ ላይ አረፈች። እሷም በዚያው ምሽት አሥረኛውን ስም ጽፋ ዝርዝሩን ላከች።

በማግስቱ አንበሳ መሻገሪያውን ከፈተ። ሣር የሚበሉ በጠዋት፣ ሥጋ የሚበሉ ከሰዓት በኋላ ይሻገሩ ተባለ። ድኩላ ተሻገረ፣ ጦጣ ተሻገረች፣ ከርከሮም የሚያወራውን ውሃ መርጦ ተሻገረ። ሁሉም ወደ ደጋው ሽቅብ ሮጡ። አህያም መሮጥ ነበረባት። እግሯ ግን እምቢ አላት፤ ከወንዙ በላይ ካለው ገደል አናት፣ ከአንድ ቁጥቋጦ ጀርባ ቆማ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ደፍርሶ ከፍ ብሏል። ቀበሮ ሆዷን እንኳ ሳታረጥብ ተሻገረች። ሁለት ጊዜ የተማረች አይደለች? ከዚያ ጅቦ ብቅ አለ፣ ስልኩን አንገቱ ላይ አስሮ። ቆመ። ጆሮውን ወደ ውሃው አዘነበለ። ዝም ያለውን ትቶ ወደሚያወራው ሄደ። ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ገባ።

ግማሽ እርምጃ። ግማሽ እርምጃ። አህያ ራሷ ሳታውቀው ባለችበት እግሯን አብራው ታነሣ ጀመር። ወንዙ መሐል ሲደርስ አንድ ድንጋይ ከሥሩ ተንከባለለ። ጅቦ ተንገዳገደ። አህያ ስልኩን አፏ ድረስ አመጣችው። ልጥራው? ብትጠራው ጭንቅላቱን ያነሣል፤ ቢያነሣ እግሩ ይለቃል። አፏን ገጠመች። ጅቦ ለመዝለል ጎንበስ አለ። ከዚያ ተወው። የፊት እግሩን መልሶ አሳረፈ፣ ጠበቀ፣ የኋላው የሱን ቦታ ወረሰ። ቀጠለ። ጭቃው ዳር ላይ ወጥቶ ሲያራግፍ አህያ ከጠዋት ጀምሮ ያልተነፈሰችውን ተነፈሰች።

ስልኳ ጠራ።

«መምህርት፣ ተሻገርኩ።»

«አየሁህ። ማንም ሳይነግርህ ነው የተሻገርከው።»

«ቅርብ ነሽ ማለት ነው» አለ ጅቦ፣ አፍንጫው ወደ ገደሉ ዞሮ። «የት ሆነሽ? መጥቼ እጅ ልንሣሽ።»

አህያ አሁን በአካል አስተዋለችው። ከስልኩ ላይ ይልቅ ብዙ ትልቅ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ለመሆኑ ዛሬ ምን በላህ?»

ጅቦ በቅንነት አሰበ። «አጥንቶቼን ሁሉ ለቀበሮ ሰጥቼ የለ? ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩ።»

«እንግዲያው ከዚያው ሆነህ እጅ ንሣኝ» አለች አህያ፣ ደጋውን ሽቅብ መጋለብ ጀምራ። «ትምህርቱ በስልክ ነበር፤ ምስጋናውም በስልክ ይሁን።»

ከዚህ የምንማረው፣ በሩቅ የሚያስተምር «ገባን» የሚለውን ቃል ሳይሆን የተማሪውን እርምጃ ማየት እንዳለበት፣ በሩቅ የሚማርም የራሱን ወንዝ በሌላው እግር ሊሻገር እንደማይችል ነው።