የይበል ድንጋይ

በዋርካ ሜዳ ሚካኤል የምሥራቅ በር አጠገብ ጉልበት የሚደርስ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ የይበል ድንጋይ ይሉታል። በዚያ አገር ጓደኛው የተሾመበት ወይም ጎረቤቱ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰበት ሰው አንጀቱ ቅጥል ሲል እዚያ ላይ ይወጣና የዚያን ሰው ስም ጠርቶ «ይበል!» ይላል። ጮክ ብሎ ነው ታዲያ፤ ማልጎምጎም አይቆጠርም። እኔ በበኩሌ በማንም ቀንቼ አላውቅም፤ ታሪኩን ግን አውቀዋለሁ።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ቦታው ድሮ ስሙ የገነነ ቅኔ ቤት ነበር፤ መምህሩም የኔታ ሀብተ ሥሉስ ይባሉ ነበር። ቅኔ ሲያምር መምህር «ይበል!» ብሎ ያመሰግናል፤ እኚህ ሰው ግን ቃሏን እንዲህ በቀላሉ የሚያወጡ አልነበሩም። ሲያረጁ ጆሯቸው ስለ ከበደ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የሚለውን ቅኔ በጆሯቸው የሚደግምላቸው ረዳታቸው ወልደ ትንሣኤ ነበር። ወልደ ትንሣኤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ደህና ነው፣ በርታ» ከመባል በቀር «ይበል»ን ሰምቷት አያውቅም።

ታዲያ የኔታ «በሚካኤል ዋዜማም ሆነ በዕለቱ ይበል የምለው ተማሪ ወንበሬን ይወርሳል» አሉ። በዚያው ሰሞን ከቆላ የመጣ፣ ገና ስምንት ወሩ የሆነ ዘለቀ የሚባል ተማሪ በዋዜማው ከጉባኤው መካከል ተነሥቶ ቅኔውን አሰማ። ተማሪዎቹ በአድናቆት እርስ በርስ ተያዩ። ወልደ ትንሣኤ ግን በቅናት ነደደ፤ እንዴት ይህን እኔ አላሰብኩትም! እኔ እዚህ ስማስን ይሄ ትናንት የመጣ! ወደ የኔታ ጆሮ ጎንበስ ብሎ ቅኔውን ሲደግም የመጨረሻዋን ቃል ለወጣት ይባላል።

«ቤቱ ተሰብሯል!» ብለው የኔታ ጮኹ፤ ቤት የሚሉት የስንኙን መድረሻ ነው። «ይሄ ልጅ ገና ነው፤ ከሀሁ ይጀምር!»

መምህር ከፈረደ ማን ይከራከራል? ዘለቀም የሰማው ፍርዱን እንጂ በጆሮ የተባለውን አልነበረም። እጅ ነሥቶ አኩፋዳውን አነገተና ከሰዓት በኋላውኑ ቁልቁል ወደ ዓባይ ወረደ።

በማግሥቱ ተራው የወልደ ትንሣኤ ሆነ። የራሱን ቅኔ አዘጋጅቶ ነበር፤ አፉን ሲከፍት ግን ሌሊቱን ሲያብሰለስለው ያደረው የዘለቀ ቅኔ መጣበት፤ ያንኑ ቃል ሳያጎድል የራሱ አስመስሎ በየኔታ ጆሮ አሰማ። ሽማግሌው ከአጎዛቸው ብድግ ብለው ድንጋዩ ላይ ወጡ አሉ።

«ይበል! ይበል! ይደገም!» ካሉ በኋላ እንባቸው መጣ። «ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመት ይህችን ቃል ይዤልህ ስጠብቅ ነበር። በል፣ ወንበሩ ያንተ ነው።»

ዘጠኝ ዓመት የተመኛት ቃል መጣች፤ መጥታም የሌላ ሰው ሆነች። እዚያ ቆሞም በዘለቀ ቀና፤ ሰውዬው በሌለበት እንኳ እሱ ነው የተመሰገነው! አላስችለው ሲል «የኔታ፣ የእኔ አይደለም!» ብሎ ጮኸ፤ ያደረገውን ሁሉ ተናዘዘ።

የኔታም፣ «እንግዲያው ይበሉን ከእሱ የሰረቅኸው አንተ ነህ፤ ከዚህ ድንጋይ ላይ ሆነህ አንተው በለው» አሉት።

ወልደ ትንሣኤ ወጥቶ ወደ ዓባይ ዞሮ «ዘለቀ! ይበል!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ተጣራ። አንዳንዶች ዘለቀ ወንዙ ዳር ሆኖ ሰምቶታል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ያን ጊዜ ተሻግሮ ነበር ባይ ናቸው። ወልደ ትንሣኤ ወንበሩን ሳይቀበል እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ በሚካኤል ዕለት እየወጣ ይጣራ ነበር አሉ። ልማዱ ከዚያ ወረደ።

ዛሬ ቅኔ ቤቱ ሰባት ተማሪ ቀርቶታል። አብሮኝ እዚያ የተማረው ስመኘው የሊቅ ቆብ ደፍቶ በስልክ ቪዲዮ ተረትና ምሳሌ ይተነትናል፤ ሁለት መቶ ሺህ ሰው ይከተለዋል። ከሚናገረው ግማሹን እኔ ነኝ ያስጠናሁት! ደግሞ ጥሩ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው።

ባለፈው ኅዳር ለንግሥ ስሄድ ሰው እስኪበተን ጠብቄ፣ ድንጋዩ ላይ ወጣሁና «ስመኘው፣ ይበል» አልኩ።

በሩ ሥር ተቀምጠው ዳዊት የሚደግሙት እማሆይ አልማዝወርቅ ቀና እንኳ አላሉም።

«አልተሰማም» አሉ። «ይደገም!»