እንጉዳይ ከሞተሩ የወረደችበት ምክንያት

ባልና ሚስት ሲካረሩ፣ ሹምና ሠራተኛ ሲወነጃጀሉ፣ የጉንዲል ሰዎች ቶሎ ብለው የሚያነሷት አንዲት አባባል አለች። ሌላ ቦታ ብትሏት «ምን ማለት ነው?» ትባላላችሁ። ጉንዲል ውስጥ ግን ልጅ አዋቂው መነሻዋን ያውቃል። መነሻዋ የአንድ ሞተር ሳይክል ጀርባ ነው።

እንጉዳይ የጉንዲል ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። ባሏ ደረበ ደግሞ የግብርና ባለሙያ ስለሆነ ከማሳ ማሳ የሚዞርበት ሞተር ነበረው። ጠዋት ሚስቱን አፈናጦ ሥራዋ ያደርሳታል፣ ማታ ይመልሳታል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የመንገዱን ንጠት የሚያበርዱት የሞተሩ የኋላ ሾኮች ዘይታቸውን አፍስሰው ሞቱ። እንጉዳይ በዚያን ጊዜ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ቅዳሜ አብረው ከተማ ወረዱ። መለዋወጫ ሻጩ ኑሬ ሁለት ዓይነት ሾክ አወጣላቸው። አንደኛው ጥቁር ነው፣ ሞላው ወፍራም፣ ጭነት ሲበዛ የሚጠብቅ ቀለበት ያለው። ሌላው ሞላው ቀይ፣ ብረቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነው።

«ብቻህን ነህ ወይስ ሰው ትጭናለህ?» አለ ኑሬ።

«በየቀኑ ሁለት ነን» አለች እንጉዳይ።

ደረበ ወደ እሷ ዞር እንኳ ሳይል «የምነዳው እኔ ነኝ» አለ። ቀዩን አስገጠመና ወጥቶበት ከፍ ዝቅ አለ። «ፍራሽ ነው እኮ። ይኼን ነው የምወስደው።»

«ላንተስ ፍራሽ ነው። ከኋላ ሰው ሲጨመርበት ግን ሞላው ተጨፍልቆ ያልቅና ብረት ከብረት ይማታል። ሰው ለሚጭን ጥቁሩ ነው የሚሻለው» አለ ኑሬ።

«ጥቁሩ ይደርቅብኛል።»

«ኧረ ሰውየው የሚልህን ስማ» አለች እንጉዳይ።

«አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?»

ይኼን ያላት በሰው ፊት ነው። ኑሬ አፍሮ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። እንጉዳይ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ተፈናጠጠች።

ከአስፋልቱ ወርደው የጉንዲልን ጠጠር መንገድ እንደያዙ የኑሬ ቃል ደረሰ። በየጉድጓዱ ከሥሯ «ቋ» ይላል፤ ወገቧን በመዶሻ የመቷት ያህል ይሰማታል። ደረበ መሐል ላይ ስለሚቀመጥ ከነገሩ ሁሉ የሚደርሰው ትንሽ ንቅናቄ ብቻ ነው።

«ሾኩ ነው ደረበ፣ ብረቱ እየተማታ ነው።»

«መንገዱ ነው። አንቺም ተረጋግተሽ ተቀመጪ።»

በማግሥቱም ያው፣ በሳልስቱም ያው ሆነ። አንድ ጠዋት የወንዙን መሻገሪያ ሲዘሉ ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ደም አየች። ሌሎች ሴቶችን ስታስተኛበት በኖረችው አልጋ ላይ ራሷ ተኛች። የሥራ ጓደኛዋ ሆዷን አዳምጣ የልጁ ልብ እንደሚመታ ነገረቻት፤ ከሰዓት በኋላም ደሙ ቆመላት።

ማታ ደረበ ሊወስዳት ሲመጣ ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ። ከአፉ የወጣው ግን «መንገዱን የሚጠግን ከጠፋ እኔ ምን ላድርግ?» የሚል ነበር።

ደሙ አስፈርቷት ነበር፤ ይኼ ቃል ግን አንገበገባት። «ሞተርህን ይዘህ ሂድ» አለችውና በእግሯ መንገድ ጀመረች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጠዋትም ማታም በእግሯ ሆነ። ደረበ አጠገቧ እያዘገመ «ሰው ይስቅብናል፣ ተፈናጠጪ» ቢላት ዞራ አላየችውም። ሰፈሩ «ኮራች፣ ባሏን ናቀች» አለ። የሆዷን ነገር ለማንም አላወራችም። ደረበ እውነቱን እያወቀ፣ ስሟ ሲብጠለጠል እየሰማ ዝም ማለቱ ግን በየቀኑ ንዴቷን ያድስባት ነበር።

ይባስ ብሎ አጎቱ አባባ ይትባረክ ዘንድ ሄዶ «ሚስቴ አዋረደችኝ» ሲል ከሰሳት። አባባ ይትባረክ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰውነታቸውም ከባድ ነው። «ባሏ ያመጣላትን የምትንቅ እሷ ማን ናት? አሁኑኑ ውሰደኝ፣ እዚያው ሥራዋ ቦታ እነግራታለሁ» አሉና ተፈናጠጡ።

እንጉዳይ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ወጣች። ሊቆጧት እንደመጡ ገብቷታል፤ መልሷንም አዘጋጅታለች። ሽማግሌው ግን የደረበን ትከሻ ተደግፈው ሲወርዱ ወገባቸውን ማቅናት አልቻሉም። ባርኔጣቸው መንገድ ላይ ቀርቷል። ምላሳቸውን ነክሰው ኖሮ ከንፈራቸው ደም ነው። ደግፋ አስገባቻቸውና አፋቸውን አጠበችላቸው።

«ቀስ በል ብዬ ለመንኩት። መንገዱ ነው ይለኛል» አሉ። ከዚያ ወደ እንጉዳይ ዞረው «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ነገር ላይ በየቀኑ ትቀመጪ ነበር?» አሏት።

«በየቀኑ፣ አባባ። ከነሆዴ።» የደሙንም ነገር አልደበቀችም።

አባባ ይትባረክ ወደ ደረበ ዞሩ። «ደም ማየቷን ታውቅ ነበር?»

ደረበ አቀረቀረ።

«ታውቅ ነበር ወይ ነው የምልህ።»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅህ እኔን እንድወቅሳት አመጣኸኝ።» ከዘራቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት። «በል ያንን እየገፋህ ከኋላችን ና።»

እሳቸውና እንጉዳይ ተደጋግፈው ቀስ እያሉ ወደ ቤት ተመለሱ። ደረበ ያንን ሁሉ ዳገት ሞተሩን እየገፋ በላብ ተጠምቆ ተከተላቸው። በኋላ ጥቁሩን ሾክ ገዝቶ አስገጥሟል፤ እንጉዳይ ግን ሴት ልጇን በሰላም እስክትገላገል ድረስ አልተፈናጠጠችበትም፣ ይቅርታውንም ቶሎ አልተቀበለችውም። በዚያ ማታ ግን ጎረቤቱ በየደጁ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። አንዱ «አባባ፣ ጥፋቱ የማን ሆነ? መንገዱስ እንዲህ ክፉ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ቆሙና፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ለነጂው ሜዳ፣ ለተፈናጣጩ ገደል» አሉ።